አራተኛው ስም፦ በቁረይሻና በመተማ ድንበር ዘግይቶ የሚታወቀው ብሩሴሎሲስ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ጋር በምትዋሰነው ቁረይሻ፣ ትኩሳት ጠንቶበት ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ስሞች አንዱን ሰምቶ ይመለሳል፤ ወባ፣ ታይፎይድ፣ አለያም ካላአዛር። ግምቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። አካባቢው በዝናብ ወራት ወባ የሚበረታበት፣ ንጹሕ ውሃ የሚያጥርበት፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላአዛርም ከሱዳን ግዛቶች ሁሉ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ይሁንና አራተኛ ስም አለ፤ እርሱም ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ይታወሳል።

አራተኛው ስም ብሩሴሎሲስ ነው። ከከብት፣ ከፍየል፣ ከበግና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ሲሆን በሱዳን የማልታ ትኩሳት በሚለው ስሙ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ደግሞ እርጉዝ ላሞችን ስለሚያስወርድ የእንስሳት ሐኪሞች የውርጃ በሽታ ይሉታል። ሰው የሚያዘው ያልተፈላ ወተት በመጠጣት፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ አይብ በመብላት፣ የጨነገፈ ጽንስን ወይም እንግዴ ልጅን በባዶ እጅ በመንካት፣ እንዲሁም በበረትና በቄራ የተበከለ አየር በመተንፈስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

በሽታው ገዳይ በመባል አይታወቅም። ከመቶ ሕሙማን መካከል ሕይወታቸው የሚያልፈው ከሁለት አይበልጡም። ምናልባትም የጤና ባለሥልጣናትን ትኩረት ሳያገኝ የቆየው በዚሁ ምክንያት ይሆናል። ጉዳቱ ያለው ግን ሞት በሚቆጠርበት መዝገብ ላይ አይደለም። ወገቡ ተጎድቶ እርፍ መጨበጥ ባቃተው ገበሬ፣ የዘር ፍሬው አብጦ ለማንም ሳይናገር በተደበቀ ወጣት፣ የልብ ቫልቩ በተበላሸ እረኛ ላይ ነው። እነዚህ ጉዳቶች ሁሉ የማይቀሩ ዕጣዎች አይደሉም። በአብዛኛው በመጀመሪያው ትኩሳትና በትክክለኛው ምርመራ መካከል ያለፈው ጊዜ የሚያመጣቸው ናቸው። በድንበሩ አካባቢ ደግሞ ያንን ጊዜ የሚያራዝሙ ነገሮች እየበዙ ነው።

የተሳሳተውን መድኃኒት የሚያስመሰግን ትኩሳት

የብሩሴሎሲስ ትኩሳት እንደ ማዕበል ይመላለሳል። ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከዚያ በተለይ ወደ ማታ ላይ ትኩሳቱ ይነሣል፤ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ይከተላል፤ መገጣጠሚያና ወገብ ያማል፤ ምግብ ይዘጋል፤ ሰውየው ይከሳል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ምንም ሳይወሰድ ትኩሳቱ በራሱ ይወርዳል። ሕመምተኛው ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ይነሣበታል።

ይህ ባሕርይ ሕመምተኛውንም ባለሙያውንም እኩል ያታልላል። የወባ ክኒን በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ቢወርድ ምስጋናውን የሚወስደው ክኒኑ ነው። ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ታይፎይድ ይባላል። በአካባቢው በስፋት የሚሠራበት የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ ከተሐዋሲው ጋር የተገናኘን ሰው ሁሉ በቀላሉ “አለብህ” የሚል በመሆኑ፣ ውጤቱ ግምቱን ያጸናል። የአንድ ሳምንት ፀረ ተሐዋሲ መድኃኒት ይታዘዛል። ትኩሳቱም፣ እንደ ልማዱ፣ ይወርዳል። በብሩሴሎሲስ ላይ የተሳሳተ ሕክምና ሁሉ ለጊዜው የሠራ ይመስላል።

ሦስተኛው ማዕበል ላይ ጣፊያ ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ፣ ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳትና የሰውነት መክሳት በገዳሪፍ ምድር ለማንኛውም የጤና ባለሙያ የሚያስታውሱት ካላአዛርን ነው። በግዛቲቱ የታባረክ አላህ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ተቋማት ለዓመታት የተከማቸው ልምድም በካላአዛር ላይ ያተኮረ ነው። ለካላአዛር በጣት ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ምርመራው “የለም” ሲል ግን ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ማለትም በቤትህ ከብት አለ ወይ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጨነገፈች እንስሳ ነበረች ወይ፣ ወተት የምትጠጡት አፍልታችሁ ነው ወይ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። በሕክምና ካርዱ ላይ ግን ቦታ አልተሰጠውም።

ከደም ወደ አጥንት፣ ከአጥንት ወደ ልብ

ባክቴሪያው ለምን እንዲህ እንደሚሸሸግ የሚያስረዳው መኖሪያው ነው። ሌሎች ተሐዋስያን የሚሞቱት ነጭ የደም ሴሎች ሲውጧቸው ነው። ብሩሴላ ግን በሚውጠው ሴል ውስጥ ሳይሞት ይኖራል፤ እዚያው ይራባል። በእነዚሁ ሴሎች ተጭኖም ሴሎቹ ወደሚበዙባቸው ብልቶች፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት መቅኒ ይጓዛል። የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አያገኘውም፤ መድኃኒትም በበቂ መጠን የሚደርስበት በሳምንታት ነው። ስለዚህም በሽታው የአንድ ብልት በሽታ አይደለም፤ ጊዜ ካገኘ የማይደርስበት የሰውነት ክፍል ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አጥንትና መገጣጠሚያ ነው። በልጆች ላይ ጉልበትና ዳሌ ያብጣሉ። በወጣቶች ላይ ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ይቆጣል። በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ደግሞ የወገብ አከርካሪ አጥንት ይጠቃል፤ ይህ ከሁሉም ረዥም ጊዜ የሚወስድና አካል ጉዳት ትቶ የሚያልፍ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜ መግል ይቋጥርና ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮችን ይጫናል።

በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ላይ ወገቡን የማያመው የቀን ሠራተኛ የለም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚያርም፣ የሚያጭድና ጆንያ የሚሸከም ሰው “ወገቤን” ሲል ማንም አይደነቅም፤ ራሱም በሽታ ነው ብሎ አያስብም። የራጅ ፎቶም ቢነሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጉዳቱን ቀድሞ የሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ደግሞ ከእርሻው ካምፕ የሚገኝ አይደለም። ጉዳቱ በራጅ ላይ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜም ሌላ ስህተት ይጠብቃል፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ። ሁለቱን መለየት ለሠለጠነ ሐኪምም ቀላል አይደለም፤ ምንም እንኳ ነቀርሳ ይበልጥ የደረት አከርካሪን፣ ብሩሴሎሲስ ደግሞ የወገቡን የሚመርጡ ቢሆኑም። ለነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በብሩሴላም ላይ ስለሚሠራ፣ በስህተት የነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው በከፊል ይሻለዋል። በከፊል መሻል ደግሞ ምርመራውን እንደገና ለማየት የሚያነሣሣ አይደለም።

በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ እብጠት ከተለመዱት ጉዳቶች አንዱ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ወንድ ሕሙማን ከሁለት እስከ ሃያ በሚሆኑት ላይ ማየታቸውን ዘግበዋል። በድንበሩ አካባቢ ይህ ምልክት ከሁሉ በላይ የሚደበቀው ነው። ቤተሰቡን ርቆ በእርሻ ካምፕ የሚኖር ወጣት እንዲህ ያለ እብጠት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የአባላዘር በሽታን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባለሙያውም እንዲሁ ያስባል። ለአባላዘር በሽታ የሚታዘዘው የጥቂት ቀናት መድኃኒት እብጠቱን ጋብ ያደርገዋል፤ ሥሩን ግን አይነቅልም። በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ በሽታው ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ይህም በገጠር መንደር ውስጥ ከከብት በሽታ ጋር የሚያያዝ አይመስልም፤ የሴቲቱ ዕድል ተደርጎ ይወሰዳል።

ጉበት መቆጣቱ የተለመደ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። የነርቭ ሥርዓት የሚጎዳው ከመቶ ከአምስት በታች በሚሆኑት ላይ ሲሆን፣ እንደ ማጅራት ገትር፣ እንደ መስማት መቸገር፣ ወይም እንደ እግር መዛል ሊገለጥ ይችላል። ለወራት የሚዘልቅ ድብርትም ከበሽታው ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ስንፍና ተብሎ ይተረጎማል።

የሚገድለው ልብን ሲደርስ ነው። የልብ ቫልቭ ቁስለት የሚደርስባቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሕሙማን ቢሆኑም፣ በብሩሴሎሲስ ምክንያት ከሚከሰቱት ሞቶች አብዛኞቹ በዚህ የሚመጡ ናቸው። በብዛት የሚጠቃው ደም ከልብ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚወጣበት ቫልቭ ነው። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎቹ ቫልቩን የሚቀይር ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ከጦርነቱ በፊት ከምሥራቅ ሱዳን ለዚህ የሚላክ ሰው መድረሻው 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ካርቱም ነበረች። ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን በጎ አድራጎት ድርጅት እአአ በ2007 በከተማዋ ደቡብ ሶባ ላይ የከፈተው የሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከጎረቤት አገሮችም ጭምር የሚመጡ ሕሙማንን ያለ ክፍያ ያክም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጦርነት ሲገጥሙ ያ አካባቢ የውጊያ ቀጣና ሆነ።

ከመቶ ሦስት

እአአ በ2009 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት በሦስት አካባቢዎች ምንነቱ ባልታወቀ ትኩሳት ወደ ጤና ተቋም የመጡ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በቦረና ከመቶ 34.1፣ በሐመር ከመቶ 29.4 የሚሆኑት የብሩሴሎሲስ ምልክት በደማቸው ተገኘባቸው። ሦስተኛው ቦታ መተማ ነበረች፤ ከቁረይሻ ማዶ። ውጤቱ ከመቶ 3 ነበር።

ቁጥሩን አይቶ መተማ ችግር የለባትም ማለት ይቀላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ቦረና ውስጥ ትኩሳት ካለባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ በዚህ በሽታ የሚያዝ ከሆነ፣ ትኩረት ያለው የጤና ባለሙያ ይዋል ይደር እንጂ ያስታውሰዋል። ከመቶ ሦስት ሲሆን ግን በሽታው ባለሙያው ሊረሳው እስኪችል ብርቅ፣ ብዙ ሰው እስኪያሽመደምድ ድረስ ደግሞ ዘወትራዊ ነው። በአንድ የሥራ ቀን ከሚታዩት መቶ ትኩሳተኞች ዘጠና ሰባቱን ሌላ ነገር ያሳመማቸው ከሆነ፣ ሦስቱ ከብዙኃኑ ጋር አብረው ይታከማሉ።

መተማ በብዛት ከደጋው የወረዱ ገበሬዎች የሰፈሩባት ምድር ናት። ከማዶው የገዳሪፍ ሜዳ ግን የአርቢዎችም አገር ነው። ሰሜኑን የቡታና ሜዳ የሹክሪያ ግመል አርቢዎች ይዘውታል፤ በበጋ ወራት መንጎች ውሃ ፍለጋ ወደ ራሃድና ወደ አትባራ ወንዞች ይወርዳሉ። አትባራ በኢትዮጵያ በኩል ጓንግ የሚባለው ወንዝ ነው። በምሥራቅ ሱዳን በግመሎች፣ በከብቶች፣ በበጎችና በፍየሎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ብሩሴሎሲስን በአራቱም ዘንድ አግኝተዋል። በሱዳን በከብት ላይ መኖሩ ከተመዘገበ ደግሞ ረዥም ጊዜ ሆኖታል፤ እአአ በ1943 በካርቱም አንድ የወተት ላሞች መንጋ ውስጥ ታይቷል።

ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገዳሪፍ የተስፋፋው በትራክተር የሚሠራ ሰፋፊ እርሻ የግጦሹን መሬት አጥብቦታል። መሬት ሲጠብ መንጎች በጥቂት የውሃ ቦታዎች ላይ ይደራረባሉ። የአንዱ መንጋ ጭንጋፍ የወደቀበትን ሣር የሌላው መንጋ ይግጠዋል። በአል ፋሽቃ መሬት ላይ የሁለቱ አገሮች ይገባኛል ባይነት በ2013 ዓ.ም ወደ ግጭት ካመራ ወዲህ ደግሞ የሱዳን ወታደሮች፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ታጣቂዎች የተፋጠጡበት ሜዳ ለእንስሳት ሐኪም የሚመች የሥራ ቦታ አልነበረም።

የጨነገፈች ላም ወዴት ትሄዳለች?

ሰው ላይ ትኩሳቱ እንደሚያታልለው ሁሉ ላሟም ባለቤቷን ታታልላለች። በብሩሴሎሲስ የተያዘች ላም ብዙ ጊዜ የምታስወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እርግዝና ጥጃዋን በሰላም ልትወልድ ትችላለች። ጤነኛ ትመስላለች፤ ትበላለች፤ ትታለባለች። ባክቴሪያው ግን ከወተቷ ጋር ይወጣል።

ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ ጠብቆ ማየት ወይም መሸጥ። ከብቱ ብዙ ያልሆነለት ሰው የጨነገፈችን ላም ከነወተቷ ገበያ ያወጣል፤ ምክንያቱን ለገዢው አይነግርም። በዚህ ሊወቀስ አይገባም። የታመመች እንስሳ ስታርድ ካሣ የሚከፍል መንግሥት በሌለበት “መርምረህ አስወግድ” የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ መፍትሔ ለገበሬው ሀብቱን በገዛ እጁ ቅበር እንደ ማለት ነው። መተማና ገላባት ደግሞ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ የቁም ከብት ወደ ሱዳን የሚሻገርበት በር ናቸው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም ሊያልቅ ሲል በመተማ በኩል በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል በተካሄደው ውጊያ ሳቢያ ሱዳን መተላለፊያውን ዘግታ ነበር። መተላለፊያ ሲዘጋ የሚቆመው ወረቀት የያዘው ንግድ ነው። ከብት በጫካ መንገድ ይሻገራል፤ በጫካ መንገድ ላይ ደግሞ የእንስሳት ጤና ኬላ የለም።

በዚህ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሱዋኪን ወደብ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጫኑ የሱዳን እንስሳት ገዢዎቹ ብሩሴሎሲስ እንዲመረመርላቸው ከሚጠይቋቸው ውስጥ ናቸው። ለሰው አገር ማዕድ የሚላከው ግመል ደሙ ይታያል። ልጆች በየማለዳው ወተቷን የሚጠጧት የጓሮ ፍየል ግን መርማሪ ደርሶባት አያውቅም።

ክትባት አለ። ለፍየልና ለበግ ሬቭ-1 የተባለው፣ ለከብት ኤስ-19 እና አርቢ-51 የተባሉት ከአሥርት ዓመታት በፊት የተሠሩ ናቸው። ለሰው የሚሆን ክትባት ግን የለም፤ ስለዚህ ሰውን መጠበቅ የሚቻለው በእንስሳው በኩል ነው። እአአ በ2015 የኢትዮጵያ የሰውና የእንስሳት ጤና ተቋማት በአንድ ላይ ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ሲመርጡ፣ ብሩሴሎሲስ ከእብድ ውሻ በሽታና ከአባሰንጋ ቀጥሎ ተቀምጧል። ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን መርፌ አይሆንም፤ በኢትዮጵያ የከብት መንጎችን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከትብ የብሩሴሎሲስ መርሐ ግብር አልተዘረጋም። በሱዳን በኩል ደግሞ ጦርነቱ የእንስሳት ክትባት የሚመረትበትን ካርቱምን መታት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ተዋጊዎች የአገሪቱን ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ መያዛቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሲወጡ ከክልሎች የሚላኩ ናሙናዎች መድረሻም አብሮ ተዘጋ።

ስድስት ሳምንት በአንድ ቦታ

ብሩሴሎሲስ የሚድን በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በአንድነት ይጠይቃል፤ ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት፣ ከእርሱ ጋር ወይ ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት፣ ወይ ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት። ሁለት የሆኑትና የረዘሙት ባክቴሪያው በሴል ውስጥ ስለሚሸሸግ ነው። በአንድ መድኃኒት ብቻ ወይም ባጠረ ጊዜ የታከመ ሰው በሽታው የሚያገረሽበት ዕድል ይጨምራል፤ በአግባቡ የታከሙትም ቢሆኑ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ያህሉ ያገረሽባቸዋል። አከርካሪ ወይም ልብ ከተነካ ሕክምናው ወደ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡሮችና ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ዶክሲሳይክሊን ስለማይሰጥ ሌላ ጥምረት ያስፈልጋል።

መድኃኒቶቹ ብርቅ ወይም ውድ አይደሉም። ብርቁ ነገር በአንድ ቦታ ስድስት ሳምንት መቆየት ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛው አጨዳው ሲያልቅ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል። አርቢው ከመንጋው ጋር ይነሣል። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መንደሮችን ከጤና ጣቢያ ይቆርጣቸዋል። ለሁለተኛው ዙር መድኃኒት የሚመለስበት መንገድ የለም። ትኩሳቱ በሁለተኛው ሳምንት ስለሚወርድም ክኒኑን የማቋረጥ ምክንያት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

በዚህ ላይ የሰው ፍልሰት ተደርቧል። በ2013 ዓ.ም የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከ60,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ አቅጣጫው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩት ደግሞ ከዚያም በጸጥታ ችግር ተነሥተዋል። ገዳሪፍ ራሷ ከካርቱም፣ ከገዚራና ከሴናር የተፈናቀሉትን ተቀብላለች። ኮሌራ ሲነሣ ድንኳን ይተከላል፤ ተገቢም ነው፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በዚያ ድንኳን ፊት ለፊት በወገብ ሕመም የሚያዘግመውን ሰው ግን ማንም ተነሥቶ አይቀበለውም።

ማልታ የተማረችው

በሽታውን በስሟ ያስጠራችው ማልታ ታሪክ ለዛሬው ድንበር የሚነግረው ነገር አለው። እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ዴቪድ ብሩስ እአአ በ1887 በደሴቲቱ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ ባክቴሪያውን ለየ። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ። እአአ በ1905 ማልታዊው ሐኪም ቴሚ ዛሚት ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ የበሽታውን ምልክት አገኘ። በዓመቱ የእንግሊዝ ጦር ለወታደሮቹ የፍየል ወተት መስጠት አቆመ፤ በጦሩ ውስጥ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጥል የነበረው በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ጥቂቶች ወረደ።

የደሴቲቱ ነዋሪ ግን ፍየሉን ከመንገድ ላይ ማለቡን ቀጠለ። ወተት የማሞቂያ ፋብሪካ ማልታ ውስጥ ሥራ የጀመረው እአአ በ1938 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ መንስኤውም መከላከያውም ይታወቅ ነበር፤ የጎደለው ለወታደሩ የተደረገውን ለገበሬው ማድረግ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ በብሩሴሎሲስ የሚያዙት ለረዥም ጊዜ 500,000 እንደሆኑ ሲጻፍ ቆይቶ፣ እአአ በ2023 የታተመ አዲስ ስሌት ከ1.6 እስከ 2.1 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው።

ወተት ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል። ይህ ምክር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አፍ የማይጠፋ ነው፤ ጥቂት ሰሚ ማግኘቱም ሕዝቡ ባለማወቁ ብቻ አይደለም። በድንበሩ በሁለቱም ወገን ለአርቢ ጥሬ ወተት ምግብም መድኃኒትም ነው፤ የተፈላ ወተት ኃይሉ ያለቀ ተደርጎ ይታያል። ከዚያም በላይ ማገዶ አለ። በሜዳው ላይ ዛፍ በተመነጠረበት አገር እንጨት የሚለቅመው ሰው የሴቲቱ ጀርባ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሰሮ ወተት ተጨማሪ እሳት ማንደድ የሚጨመረው በእርሷ ሸክም ላይ ነው። ጥጃ የምታዋልደውም፣ ግልገሉን ሌሊት ቤት የምታስገባውም፣ የጨነገፈውን የምትጥለውም እርሷ ወይም ልጇ ናቸው። ጭንጋፍን በእጅ ሳይነኩ በፌስታል ወይም በቅጠል ይዞ በጥልቀት መቅበርና እጅን መታጠብ ማገዶ ስለማይጠይቅ፣ ከወተቱ ምክር ይልቅ ለመቀበል የሚቀለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና ከወተቱ ያነሰ ይነገራል።

ለሕሙማኑ በቅርብ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ምርመራው ነው። ሮዝ ቤንጋል የተባለው ምርመራ አንድ የደም ውሃ ጠብታና አንድ ሐምራዊ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ ቀላቅሎ ለጥቂት ደቂቃ ማየት ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማሽን አያሻውም፤ ዋጋውም ከፈጣን የወባ ምርመራ ብዙ አይርቅም። ከእንስሳት ጋር የሚኖሩ ሰዎች ሳይታመሙም ምልክቱ ሊገኝባቸው ስለሚችል ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የወባውም የካላአዛሩም ምርመራ “የለም” ያለው፣ ትኩሳቱ ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰበት ሰው ላይ ሲደረግ ግን ወራትን ያተርፋል።

ሐምራዊው ጠብታ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ። በጥር 2017 ዓ.ም በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የሹዋክ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ በምሥራቅ ሱዳን ሰፊ አካባቢ መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተርም የፀሐይ ኃይልም የሌላቸው ጤና ጣቢያዎች ማቀዝቀዣዎች አብረው ጠፍተዋል።